ማለዳ የሚመጡ ሰዎች

ዛሬም መጡ። ማሙሸት ከሌሊት ሥራው ገብቶ፣ መጋረጃውን ግጥም አድርጎ ዘግቶ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ ገና ጎኑን ሳያሳርፍ ደወሉ ጮኸ፤ የዚህ አገር ደወል ደግሞ ጉድ ነው፣ አገር ቤት ቢሆን ሰው በጣቱ ቆርቆር ያደርጋል፣ በመዳፉ ይመታል፣ ቤቶች ይላል፣ የመጣው ዘመድ ይሁን ጠበኛ ከማንኳኳቱ ይታወቃል፣ እዚህ ግን ፖሊስም ይጫነው ፖስተኛ ድምፁ ያው አንድ ነው። እንቅልፍ እንደሆነ ቀድሞም አልነበረም። ሉሌዮ የሚሏት ይህች የስዊድን ሰሜን ከተማ በሰኔ ወር መሽቶላት አያውቅም፣ ፀሐይዋ ጠለቀች ሲሏት ተመልሳ ብቅ ትላለች፣ ስለዚህ ከሥራ ሲወጣም ብርሃን ነው፣ ሲተኛም ብርሃን ነው፣ ዓይኑን ጨፍኖ የመርካቶውን ሸማ ተራ ያያል፣ ገልጦም ሸማ ተራን ያያል፣ የቱ ሕልም የቱ እውን እንደሆነ መለየቱን ከተወው ቆይቷል። በባዶ እግሩ፣ ተረከዙን ሳያስነካ ወደ በሩ ሄደ። በበሩ መሀል አንዲት የመስተዋት ቀዳዳ አለች፤ አንድ ዓይኑን ለጠፈባት። ሦስት ናቸው። ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት፣ ቁመቱ ጣራ ሊነካ ምንም ያልቀረው ጎረምሳ። አይነጋገሩም። አበሻ ሦስት ሆኖ በማለዳ የሰው ደጃፍ ላይ ዝም ብሎ ከቆመ ለደግ አይደለም፣ አለ በልቡ፤ እንኳን እዚህ፣ አገር ቤትም ለደግ አልነበረም።

ያኔም የመጡት በማለዳ ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ መርካቶ የተቃጠለ ጎማ በሚሸትበት ሰሞን፣ ከጭድ ተራ ጀርባ ያለችው የቀበሌ ቤታቸው በር ሲንኳኳ እናቱ አልጋነሽ ናት የከፈተችው። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው መርዶ ነጋሪ እንጂ ሌላ አይመስላትምና ነጠላዋን ከወገቧ አስራ፣ የማንን ልታረዱኝ ነው፣ ወንድሜን ነው ወይስ እህቴን፣ እያለች እንባዋን አስቀድማ ወጣች። ሰዎቹ ማንም አልሞተም እትዬ፣ ልጅዎን ለጥያቄ ስለምንፈልገው ነው አሏት፤ እሷም ተመስገን አለች። ተመስገን! ልጇ በጭነት መኪና ተጭኖ ሩቅ አገር ካምፕ ሲወሰድ፣ ጭንቅላቱ ተላጭቶ፣ ሳይጠየቅ ከርሞ ሳይፈረድበት ሲለቀቅ፣ እሱ ራሱን ይጠይቅ የነበረው ያንኑ ነው፣ ምኑን ነው ተመስገን ያለችው። ደግሞ ወንጀሉ ምን ነበር ቢሉ፣ ሰው ሲሮጥ አብሮ መሮጡ። ከዚያ በኋላ ሱዳን ነው፣ ሊቢያ ነው፣ ባሕር ነው፣ ስዊድን ነው፤ ማለዳ ግን የትም ሄዶ ማለዳ ነው፣ ደወል በጮኸ ቁጥር ጆሮው ውስጥ ያ የጭነት መኪና ሞተሩን ያስነሳል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ ማሙሸት ደግሞ ልጥም ሳያይ ሲበረግግ የሚኖር ሰው ነው።

ስዊድን እንደገባ በስደተኞቹ ማረፊያ አንዱ የአገሩ ልጅ በጆሮው ሹክ ብሎት ነበር፣ እዚህ ካለው አበሻ ግማሹ ወሬ አቀባይ ነው፣ ስምህን ለማንም እንዳትናገር፣ እናትህን ያስጨንቁብሃል፣ ብሎ። ልጁ ራሱ ከየትኛው ግማሽ እንደሆነ ማሙሸት ሳይጠይቅ አመነው። ጠርጥር፣ ከገንፎ መሀል አይጠፋም ስንጥር! ሌላው አበሻ ወደ ስቶክሆልም ሲጎርፍ እሱ ወደ ሰሜን ሄደ፣ ሰው ወደሌለበት፣ በረዶ ወዳለበት፣ በሆስፒታል አንሶላ አጣቢነት ገባ። ገበያ ውስጥ አማርኛ ከሰማ ቅርጫቱን አስቀምጦ ይወጣል። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ አንዱ ፈገግ ብሎ ሐበሻ ነህ ቢለው፣ ኖ፣ ብራዚል፣ ብሎት ወረደ፤ አይ ማሙሸት፣ ብራዚል ኳስ እንጂ አንተን የት ታውቅሃለች። ለእናቱም ስድስት ዓመት ሙሉ አልደወለም። ብደውል ይዘው ያሰቃዩብኛል ይላል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ባዶ እጄን ምን ብዬ ልደውል ይላል፤ እውነቱ ሁለቱም ነው፣ በዚህ መሀል ግን እናት ልጇ ባሕር ውስጥ ይሁን አፈር ውስጥ ሳታውቅ ስድስት ጊዜ ፋሲካን ፈሰከች።

የመኖሪያ ፈቃዱ የተሰጠው ባለፈው ክረምት፣ በረዶው መስኮቱን በደፈነበት ወር ነው። ያን ዕለት ሲም ካርድ ገዛና የሚያውቃት አንዲት ቁጥር ላይ ደወለ፤ መርካቶ ሰባተኛ ያለው የነሰላሃዲን የጣቃ መደብር። ሰላሃዲን አብሮት አፈር ፈጭቶ ያደገ፣ ሮመዳን ሲሆን ማሙሸትን ቤቱ የሚያስፈጥር፣ ፋሲካ ሲሆን እነማሙሸት ቤት ዳቦ ሲቆረስ ከማሙሸት ቀድሞ እጁን የሚዘረጋ ልጅ ነበር። ድምፁን ሲሰማ ሰላሃዲን አልጮኸም፤ ደንበኞቹን ውጡልኝ ሲል ይሰማል፣ ከዚያ የመደብሩ ቆርቆሮ በር ሲወርድ ይሰማል፣ ከዚያ ሁለቱም እንደ ሕፃን አለቀሱ። ካለቀሱ በኋላማ ማን ያቁማቸው! በየሳምንቱ ይደዋወላሉ፣ ማሙሸት አልጋው ላይ ተጋድሞ መርካቶን በጆሮው ይዞራታል። ሸማ ተራ እኩሌታው ፈርሶ ፎቅ እየወጣበት ነው፣ ከሠፈሩ ልጆች አሸብር አይሱዙ ነጅ ሆኗል፣ ሶሬሳ ጋራዥ ከፍቷል፣ ኳስ ሲጫወቱባት የነበረችው ሜዳ መኪና ማቆሚያ ሆናለች፣ ያ ተሸካሚው ሰውዬ አሁንም ዞር በል እያለ ሰው ይደረምሳል። ሰላሃዲን ደግሞ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶለታል፣ የሠፈር ኮሚቴ ውስጥም አስገብተውታል፣ አንድ ለአምስት ምናምን ይላሉ፣ ብሎ ራሱ ላይ ሳቀ። ያን ጊዜ ማሙሸትም አብሮት ስቋል። አሁን ያ ሳቅ ትዝ ሲለው ትራሱን ገልብጦ ይተኛበታል።

እናቱን በሰላሃዲን ስልክ አገናኙት። ሸማ ተራ፣ ከነጠላ ሻጮቹ ደጃፍ፣ እግሯን ዘርግታ የነጠላ ዘርፍ እየቋጨች ባለችበት ሰላሃዲን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘላት፣ ጣቶቿ ክር ይዘዋልና ልትይዘው አልቻለችም። ምን አለችው? ምንም። ትበላለህ ወይ አለችው። ብርዱስ አለችው። ደጋግማ ደግሞ ከማን ጋር ነህ አለችው፣ ሲነጋ እንዴት አደርክ የሚልህ ማን ነው፣ ብቻዬን ነኝ እማዬ፣ እንዲያውም ይሻለኛል ሲላት፣ ለአንተ አይሻልህም፣ ብቻውን የሚኖርን ሰው ክፉ ነገር ሲያገኘው ማን ይደግፈዋል፣ አለችና ተቆጣች። ስድስት ዓመት ጠፍቶ አልተቆጣችውም፣ በዚህ ተቆጣችው። ከዚያ ወዲህ በእህቱ በሳምራዊት ስልክ ትጠብቀዋለች፣ የፋሲካ ዕለትም አውርተዋል፣ ጉልበቴን ያመኛል ብላዋለች፣ ጉልበት ደግሞ መርካቶ ውስጥ የማያመው ማን አለ።

ከፋሲካ ወዲህ ግን እናቱ ስልክ ላይ የለችም። ይደውላል፣ ሳምራዊት ታነሳለች፣ ጠበል ሄዳለች ትለዋለች። ደግሞ ይደውላል፣ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቷል ትለዋለች። ደግሞ ይደውላል፣ ገጠር ዘመድ ጋ ነች። የት ገጠር? እናቱ ጎጃም በረንዳን ከተሻገረች ራሷን የሚያዞራት ሴት ናት፣ ምን ገጠር አላት! የሳምራዊት ድምፅ ራሱ የታፈነ ነው፣ ሲያስቃት አትስቅም፣ ስትመልስለት ከጎኗ ያለ ሰው እየነገራት እንደምትናገር ቆም ትላለች። አንድ ቀንማ ከኋላዋ የሰው ብዛት ተሰማው፣ ወንበር ሲጎተት፣ ወንዶች ዝግ ባለ ድምፅ ሲያወሩ፣ በዚያች ለሦስት ሰው በማትበቃ ቤት። ምንድን ነው ሰዉ ቢላት ማኅበር ነው አለችው። የእናቱ ማኅበር የሚካኤል ነው፣ ያ ቀን ሚካኤል አልነበረም። ስልኩን ሲዘጋ ገባው፣ ወይም የገባው መሰለው፣ ቤቱን ወረውታል፣ እናቱን ወስደዋታል፣ እህቱን አጠገቧ ቁጭ ብለው እያናገሯት ነው፤ ምክንያቱም ማን፣ እሱ፣ ስድስት ዓመት ዝም ብሎ ኖሮ አሁን ናፍቆቱን መቻል አቅቶት የደወለው እሱ።

ሌላ ነገር አላሰበም ወይ? አስቧል እንጂ፣ እንዴት አያስብም፣ የሰው ልጅ አይደለም? ሌላው ሐሳብ በበሩ ስንጥቅ እንደሚገባ ብርድ መጥቶበታል፣ እሱ ግን ገና ሳይገባ ይመልሰዋል፤ ያማ ቢሆን ሰላሃዲን ይነግረኝ ነበር ይላል፣ ያማ ቢሆን ጠበል ይሏታል እንዴ ይላል። ሰው ሁለት ፍርሃት ከመጣበት የለመደውን ይመርጣል። እስር ማስፈቻ አለው፣ አማላጅ አለው፣ ቢያንስ የሚጠሉት ሰው አለው። ማሙሸትም እስሩን መረጠ፣ ከመረጠው በኋላ ደግሞ የሚያየው ሁሉ እሱን ይመሰክርለት ጀመር።

ሰላሃዲን ነው የመጀመሪያው ምስክር። ስለ መርካቶ ሲያወራ ጥርሱ የማይከደነው ሰው ድንገት ጨዋታ አቆመና ይጠይቀው ጀመር፣ ከተማህ ማን ነበር ያልከኝ፣ መንገዱስ፣ ቤቱ ቁጥር አለው ወይ፣ ከሥራ ስንት ሰዓት ትገባለህ። ማሙሸትም እንደ ሞኝ ነገረው። አንድ ለአንድ ነገረው! ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነው ላብ ያጠመቀው፤ ኮንዶሚኒየም፣ ኮሚቴ፣ አንድ ለአምስት፣ ሁሉም ተገጣጠመለት፣ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይኸው ነው። ብዙም ሳይቆይ እነዚህ ሦስቱ ብቅ አሉ። የመጀመሪያ ቀን ደውለው ሄዱ። በሌላ ቀን የሥራ ቦታው ድረስ መጥተው አለቃውን አነጋገሩ፣ ማሙሸት እርጥብ አንሶላ በተከመረበት ጋሪ ኋላ ቁጭ ብሎ በእንፋሎቱ መሀል አያቸው፣ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ሲለማመጡ። አለቃው መጥታ ዘመዶችህ ናቸው፣ አዝነዋል መሰለኝ፣ አለችው፤ ዘመድ የለኝም አላት። በዚህ አገር ልማድ ሰው ስሙን በሩ ላይ ይለጥፋል፣ እሱ በቢላ ፋቀው። የጋራ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተራ የሚያዝበት ሰሌዳ አለ፣ ስሙን እዚያ ላለማየት ልብሱን ገንዳ ውስጥ ያጥባል። ጎረቤቱ አሮጊት ግን ደግ ሴት ናት፣ በደወሉላት ቁጥር የታችኛውን በር ትከፍትላቸዋለች።

ከሰላሃዲን ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገሩት ያኔ ነው። ማሙሸት ራሱ ደወለለትና ሰላምታ ሳይጠብቅ እማዬ የት ናት አለው። ሰላሃዲን ትንፋሹን ሲስብ ይሰማል።

«ማሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አጠገብህ ሰው አለ?»

«ምን አገባህ?»

«ሰዎች መጥተው ነበር አሉ። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ክፈትላቸው።»

«አንተ ነህ የላክሃቸው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እማዬን ምን አደረጋችኋት?»

«በስልክ የሚወራ አይደለም፣ ማሜ። እነሱን ግን አስገባቸው።»

በስልክ የሚወራ አይደለም! ማሙሸት ከዚህ በላይ ምን ይሰማ? ያን ጊዜ አፉ ያመጣለትን ሁሉ አወረደበት፣ ጆሮ ጠቢ አለው፣ የበላህበትን ወጪት ሰባሪ አለው፣ እጇን ዘርግታ ያጎረሰችህን ሴት በኮንዶሚኒየም ለወጥካት አለው። ሰላሃዲን አልካደም፣ አልተሳደበም፣ የፈለግከውን በለኝ፣ ብቻ ክፈትላቸው፣ እያለ ሲያለቅስ ተሰማው፣ ማሙሸትም ጸጸት ነው ብሎ ደስ አለው። ከዚያ ሲሙን ከስልኩ አውጥቶ በመቀስ ቆራረጠው፣ ሽንት ቤት ጣለውና ውሃ ለቀቀበት። ከመርካቶ ጋር ያለውን ነገር እንዲህ አድርጎ ጨረሰ። ጓደኛ የለውም፣ ሠፈር የለውም፣ ቢያንስ ከአሁን ወዲያ በእሱ የተነሳ የሚጎዳ ሰው አይኖርም። እንዲህ እያለ ሲኖር ሰነበተ፣ አንሶላ እያጠበ፣ ብርሃን ውስጥ ተጋድሞ ጣራ እያየ፣ እናቱን ጠባብ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ጣቶቿ ክር ሲፈልጉ እያያት።

ዛሬ ደግሞ አይሄዱም። ደወሉን ደወሉ፣ ቆዩ፣ ደግመው ደወሉ፣ ከዚያ ሴቲቱ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። በቀዳዳዋ ያያታል፣ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። የአዞ እንባ አለ ማሙሸት። ተመልሶ አልጋው ላይ ወጣ፣ ትራሱን ጆሮው ላይ ጫነ፣ ትራሱ ውስጥ መርካቶ ይሰማዋል፣ ዞር በል ይላል ተሸካሚው፣ ሰላሃዲን ጣቃ ይዘረጋል፣ የእነሱ ቤት በር ይንኳኳል፣ እናቱ ልትከፍት ትነሳለች፣ አትክፈቺ ሊላት አፉ እምቢ ይለዋል። ቀና ሲል ድምፅ ይመጣል፣ ከሕልሙ ሳይሆን ከበሩ ታች፣ ፖስታ ከሚገባበት ስንጥቅ። ሽማግሌው በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ የብረቱን ክዳን በጣታቸው ገፍተው፣ አፋቸውን ወደ ስንጥቁ አስጠግተዋል።

«ማሙሸት፣ ልጄ፣ እዚያ እንዳለህ እናውቃለን። ስለ እናትህ ነው የመጣነው።»

ይኸው፤ አሉት። እናቱን በአፋቸው ጠሯት። እስካሁን ያሸሸው ነገር ይህ ነበር፣ ሰዎቹ እሱን ከያዙ እሷን ይለቋት ይሆን የሚለው፤ ስንት ጠዋት ራሱን ጠይቆ ስንት ጠዋት ፈሪ ሆኖ ተኝቷል። በስተርጅናዋ በእሱ ምክንያት መሬት ላይ ከምታድር፣ እሱ ወጣቱ፣ እስሩን አንዴ የቀመሰው፣ ቢሄድ ምን አለበት፣ እዚህስ ቢሆን ምን እየኖረ ነው። ተነሳ። ሸሚዙን ለበሰ፣ ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ቆለፈ፣ ያኔ ነጠላ ጫማ ሳያደርግ ነው የወሰዱት፣ ዛሬ ካልሲውን አደረገ፣ ጫማውን ክር በክር አሰረ፣ ጃኬቱን ደረበ፣ አልጋውን አነጠፈ። በሩን ከፈተና ሁለት እጆቹን አጣምሮ ወደፊት ዘረጋላቸው።

«ይኸው እኔ። እሷን ልቀቋት» አላቸው።

ጎረምሳው በአንድ ጎን ብብቱ ሥር ያዘው፣ ሽማግሌው በሌላው፣ እንዳሰበው ነው፣ አልተንገዳገደም። ሴቲቱ በጎናቸው ሾልካ ገባች፣ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቢላና መቀስ አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተች፣ ሄዳ መስኮቱን ዘጋች። ፍተሻ ነው አለ በልቡ፣ እንዲህ ነው የሚጀምሩት። ወደ ውጭ ይጎትቱኛል ብሎ ሲጠብቅ ወደ ውስጥ ወሰዱት፣ ገና ያነጠፈው አልጋ ላይ አስቀመጡት፣ ግራና ቀኝ ተጠግተውት ተቀመጡ፣ እጁን ግን አልለቀቁትም። የሽማግሌው እጅ ይንቀጠቀጣል። የሚያስር ሰው እጅ አይንቀጠቀጥም፣ ማሙሸት ይህን ያውቃል፣ ያኔ ነው መጀመሪያ የፈራው፣ ከእስር ሌላ የሆነ ነገር ከፊቱ እንደቆመ ያወቀው።

«ማንን ነው የምንለቀው፣ ልጄ?» አሉት ሽማግሌው።

«እናቴን።»

ሽማግሌው ሴቲቱን አዩአት፣ ሴቲቱም እሳቸውን። ባርኔጣቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«እናትህን ማንም አላሰራት። አርፋለች። ዛሬ አርባዋ ነው።»

ማሙሸት ጫማውን እያየ ቁጭ አለ፣ ለምን እንዳሰረው ሊያስታውስ የሚሞክር ሰው ይመስላል። እነሱም ቀስ እያሉ፣ እየተቀባበሉ ነገሩት። ጋሽ ወልደ ሚካኤል ይባላሉ ሽማግሌው፣ ሴቲቱ ሐጀራ ናት፣ የሰላሃዲን የአክስት ልጅ፣ ጎረምሳው ኃይሌ መኪናውን የሚነዳላቸው የሠፈራቸው ልጅ ነው። ኡሜዮ ከምትባለው ከተማ ነው የሚመጡት፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ነድተው፣ ከሥራ ገብቶ ሳይተኛ እንዲያገኙት ሌሊቱን ተጉዘው፣ በየጊዜው እንዲሁ ደውለው ተመልሰዋል። ሰላሃዲን ነው በአላህ እያለ የለመናቸው፣ ብቻውን ነው፣ በስልክ ብነግረው ማን ይይዘዋል፣ ሰው ሳይኖር እንዳይሰማው፣ ብሎ። ጉልበቴን ያመኛል ያለችው ልቧ ኖሯል፤ ሸማ ተራ፣ ተቀምጣ እየሠራች፣ ዘንበል አለች፣ በዚያው ቀረች። ልጅየው የለ፣ ሌላ ወንድ ልጅ የለ፣ አስከሬኗን ከፊት የተሸከመው ሰላሃዲን ነው፣ ድንኳኑ ውስጥ በልጅ ቦታ ቆሞ እግዜር ያጽናህ የተባለውም እሱ ነው፣ መደብሩን ዘግቶ፣ ሌሊት ሌሊት ከሳምራዊት ጋር መሬት ላይ እያደረ። ይህን የነገረችው ሐጀራ ናት። ማሙሸት እጁን አፉ ላይ አደረገ፣ ያ አፍ ለሰላሃዲን ምን ምን እንዳለው ሁሉም መጣበት፣ አንድም ቃል ሳይቀር መጣበት።

«ስድብ ነው የሰደብኩት» አለ። «ጆሮ ጠቢ ነው ያልኩት።»

«ነግሮናል» አለች ሐጀራ። «ይሳደብ፣ ብቻ ይክፈትላችሁ አለን።»

አንድ ወንበር ነው ያለው፣ ማንም አልተቀመጠበትም፣ ኃይሌም ሐጀራም መሬት ላይ ወርደዋል። እንባ ግን አልመጣም፤ ሦስቱም ማሙሸትን ይጠብቁታል፣ እሱ ካልጀመረ እነሱ እንዴት ይጀምራሉ፣ የሟች ልጅ እሱ ነው። ጋሽ ወልደ ሚካኤል ጀርባውን ደባበሱት። ሐጀራ ወደ እሱ ቀረብ አለችና እጇን ጉልበቱ ላይ አድርጋ ተናገረችው።

«እኛ አናውቃትም፣ ወንድሜ። ሰው የማያውቀውን እንዴት ያለቅሳል? እስቲ ምን ዓይነት ሰው ነበረች፣ ንገረንና አብረን እናልቅስላት።»

ማሙሸት አፉን ከፈተ። ድምፁ ለረጅም ጊዜ አማርኛ ፊት ለፊት ተናግሮ የማያውቅ ሰው ድምፅ ነው፣ ይሰናከላል። የነጠላ ዘርፍ ትቋጭ ነበር አለ። የበዓል ዋዜማ ሸማ ተራ መተላለፊያ ሲጠፋ፣ ደንበኛው በላይዋ ላይ ቆሞ ቶሎ በይ ሲላት፣ ለለቅሶ ነጠላ ገዝቶ የሚሄድ ሰው ከመጣ ሁሉንም አስቁማ የእሱን ታስቀድም ነበር። ዘርፉን እየቋጨች ማን ነው የሞተብህ ትለዋለች፣ ምን ዓይነት ሰው ነበር ትለዋለች፣ ሰውየውም ቆሞ ይነግራታል፣ እሷ የማታውቀውን ሰው እየሰማች፣ ከሥራዋ ሳትቦዝን፣ እንባዋን በትከሻዋ እየጠረገች ታለቅስለት ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ አፍርባት ነበር፣ አለ ማሙሸት፣ የማታውቂውን ሰው ምን ያስለቅስሻል እያልኩ እቆጣት ነበር። እሷም...

እዚህ ላይ አቆመ። እናቱ ያን ጊዜ፣ ሲነግሩኝ አወቅኩት፣ ብቻውን እንዴት ያልቅስ፣ ያለችውን ሊነግራቸው ፈልጎ አልቻለም። ሐጀራ ቀድማ ጀመረች፣ ጋሽ ወልደ ሚካኤል ተከተሏት፣ ኃይሌም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ የሸማ ተራዋን አልጋነሽን በሕይወታቸው አይተዋት የማያውቁ ሦስት ሰዎች ስሟን እየጠሩ አለቀሱላት፣ ማሙሸትም ከእነሱ በኋላ አለቀሰ።